ባለሦስት ቀለሙ የሽሪምፕ መብራት፦ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

ሽሪምፕ ለሚባለው ባለ ቅርፊት ትንሽ የባሕር እንስሳ ማርቢያ ተብሎ የተሠራ፣ ነጭ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጥ፣ ድምቀቱ ከፍና ዝቅ የሚል፣ ታይመር የተገጠመለት ባለ36 ዋት የኤልኢዲ መብራት በምሠራበት እርባታ ስንጠቀምበት ስምንት ወር ሆኖናል። እርባታው በሳዑዲ ዐረቢያ የቀይ ባሕር ዳርቻ የሚገኝ፣ ሽሪምፕን በክፍት ኩሬ ሳይሆን በጣሪያ ሥር ባሉ ገንዳዎች የሚያሳድግ አነስተኛ ድርጅት ነው፤ የእኔ ሥራም ከእናት ሽሪምፖቹ ክፍል አንሥቶ እስከ ማሳደጊያው ድረስ የውኃውንና የመብራቱን ሁኔታ መከታተል ነው። በጠቅላላው 12 መብራቶች የገዛን ሲሆን የአንዱ ዋጋ 210 ሪያል ነበር። ተመሳሳይ ዕቃ በተለያየ ስም ስለሚሸጥና ያየሁት ጉድለትም ከአንድ ግዢ ብቻ የተገኘ ስለሆነ የአምራቹን ስም መጥቀስ ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም።

የምናረባው ዝርያ ቫናሜይ ወይም ነጭ እግር ሽሪምፕ የሚባለው ነው። ትውልዱ ከሜክሲኮ እስከ ፔሩ ባለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም ላይ በእርባታ ከሚመረቱት ሽሪምፖች ሁሉ የሚበዛው እርሱ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 የተመረተውን 5.8 ሚሊዮን ቶን ያህል አድርጎ መዝግቦታል። እዚህ አገር ሩቢያን ይሉታል። እኔ በጾምም ሆነ በፍስክ የማልቀምሰው እንስሳ ነው፤ እናቴም በስልክ «ለትል ነው እንዴ ሌሊት ሌሊት መብራት የምታበራው?» ብላኝ ታውቃለች። ይሁንና ብርሃን ባሕርዩን እንዴት እንደሚለውጠው በየቀኑ ለሚያይ ሰው ከትልነት እጅግ የራቀ ፍጥረት ነው።

ይህን መብራት ከመግዛታችን በፊት በማሳደጊያው ክፍል የነበሩት በግድግዳ ማብሪያ የሚበሩ ረጃጅም የፍሎረሰንት አምፖሎች ነበሩ። የማለዳው ተረኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገብቶ ማብሪያውን ሲጫን የሚሆነውን አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም። ገንዳው ከዳር እስከ ዳር እንደ ተጣደ ድስት ይንተከተካል፤ ሽሪምፖቹ ጅራታቸውን ወደ ሆዳቸው እያጠፉ ወደ ኋላ ይወረወራሉ፣ ከላይ ከተዘረጋው መረብ ጋር ይላተማሉ፣ መረቡ በላላበት በኩል ደግሞ ወለል ላይ ይወድቃሉ። በተለይ በዚያው ሌሊት ቅርፊታቸውን ጥለው ገላቸው ገና ያልጠነከረው ይበልጥ ይጎዳሉ። ከተጋጩት መካከል አንዳንዶቹ ወገባቸው ቆልመም ብሎ፣ እንደ ብርጭቆ ያሳይ የነበረው ሥጋቸው እንደ ወተት ነጥቶ ይገኛሉ፤ እነዚህ ብዙውን ጊዜ አይተርፉም። የወደቁትን በመጥረጊያ መሰብሰብ የዘወትር የማለዳ ሥራችን ሆኖ ነበር።

የዚህ ሁሉ ድንጋጤ ምክንያት ዓይናቸው ነው። ያደገ ሽሪምፕም ሆነ ትልቁ ዘመዱ ሎብስተር ዓይኑ በሺዎች ከሚቆጠሩ ደቃቅ ክፍሎች የተሠራ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል እንደ ንብ ዓይን ባለ ስድስት ማዕዘን ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው፤ የክፍሉ ግድግዳም ብርሃንን እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። በጨለማ ጊዜ ብዙ ክፍሎች የሰበሰቡት ብርሃን ባንድ ቦታ ስለሚጠራቀም እኛ ምንም በማናይበት ጨለማ እነርሱ መንገዳቸውን አይስቱም፤ ሌሊት ባትሪ ሲበራባቸው ዓይናቸው እንደ ፍም የሚያበራውም ለዚህ ነው። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ይህንኑ አሠራር ወስደው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ሠርተውበታል፤ ቻይና እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ያመጠቀችው አይንስታይን ፕሮብ የሎብስተርን ዓይን የሚመስል መሣሪያ ተሸክሟል። ሲነጋ ደግሞ በዓይኑ ውስጥ ያሉ ጥቁር ቅንጣቶች ቦታቸውን ለቀው በክፍሎቹ መካከል ይገቡና እንደ መጋረጃ ብርሃኑን ይከልላሉ። ታዲያ ይህ መጋረጃ እንደ እኛ ዓይን ብሌን በቅጽበት የሚዘጋ አይደለም፤ ብዙ ደቂቃዎች ይወስዳል። መጋረጃው ሳይወርድ ኃይለኛ ብርሃን ቢያገኘው ምን እንደሚደርስበት ከኖርዌይ ሎብስተር ማወቅ ይቻላል፤ ይህ እንስሳ በስኮትላንድ ባሕር ከጥልቅ ውኃ ወጥቶ የቀን ብርሃን ሲያርፍበት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳቱ በማይመለስ ሁኔታ እንደሚጎዱ ከታወቀ ዘመን አልፏል።

የዚህ መብራት ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ታይመሩ ብርሃኑን ከዜሮ አንሥቶ ተጠቃሚው በወሰነው ደቂቃ ውስጥ ቀስ በቀስ ያደምቀዋል፣ ማታም እንዲሁ ቀስ በቀስ ያከስመዋል። በመጀመሪያ 10 ደቂቃ ላይ አድርገነው ነበር፤ መንተክተኩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ወደ 45 ደቂቃ ስናሳድገው ግን ማለዳው ሌላ መልክ ያዘ። ብርሃኑ ገና እንደ ጨረቃ ፈዝዞ ሳለ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ያደሩት አንድ ባንድ እየለቀቁ ይወርዳሉ፣ አንቴናቸውን ወደ ኋላ ጥለው ወለሉን ዞር ዞር ይላሉ፤ የመጀመሪያው መኖ ሲጣልም ከመሸሽ ይልቅ ወደ መኖ ትሪው ይሰበሰባሉ። በሁለተኛው ሳምንት መጥረጊያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ ማለት ይቻላል። በእኔ ግምት ከ210 ሪያሉ ውስጥ 150ው የሚገባው ለዚህ ቀስ ብሎ መንጋትና ቀስ ብሎ መምሸት ብቻ ነው።

ሻጩ ግን አጥብቆ የሚያወድሰው ቀለሙን ነው። ከዕቃው ጋር የሚመጣው ወረቀት ሰማያዊው ለእርጋታ፣ አረንጓዴው ለዕድገት፣ ነጩ ለምግብ ፍላጎት እንደሚያገለግል ይናገራል። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ የሥራ ክፍፍል ያየሁት በማስታወቂያ ላይ ብቻ ነው። ከነገሩ ጀርባ እውነት የለም ማለት አይደለም፤ ባሕር ውስጥ ቀይ ብርሃን በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ተውጦ ሲቀር ሰማያዊና አረንጓዴው ወደ ጥልቁ ይዘልቃሉ፣ የአብዛኞቹ የዚህ ወገን እንስሳት ዓይንም ለእነዚሁ ለሁለቱ ቀለሞች ንቁ ሆኖ ለቀይ ግን ደካማ ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «አረንጓዴ ያሳድጋል» ለማለት ብዙ መንገድ ይቀራል። በቀለም ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ከዝርያ ዝርያ፣ ከዕድሜ ዕድሜ የተለያየ ውጤት የሚያሳዩ ሲሆን፣ አንዱ ችግር መለኪያው ራሱ ነው። በገበያ የምናገኘው፣ ሉክስ ሜትር የሚባለው የብርሃን መለኪያ የተሠራው በሰው ዓይን ልክ ስለሆነ አረንጓዴውን አጉልቶ ሰማያዊውን አሳንሶ ይቆጥራል። ሰማያዊና አረንጓዴ መብራት በሉክስ ሜትር እኩል እስኪሆኑ ድረስ ብናስተካክላቸው፣ ሰማያዊው የሚረጨው ኃይል ከአረንጓዴው ከአሥር እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ሽሪምፑ ያንን ሁሉ ያየዋል፤ እኛ ግን «በእኩል ብርሃን አወዳደርን» ብለን እንጽፋለን።

እኛም ከዚህ ስሕተት አላመለጥንም። በሦስተኛው ወር ሁለት ገንዳዎችን በሰማያዊ፣ ሁለቱን በአረንጓዴ አድርገን ለስድስት ሳምንት አቆየናቸው፤ የሰማያዊዎቹ ክብደት ብልጫ ያለው ሲመስልም ደስ ብሎን ነበር። በኋላ ግን ሁለቱም የሰማያዊ ገንዳዎች አየር የሚነፋው ማሽን አጠገብ፣ ኦክስጅን በሚበዛበት ጎን የነበሩ መሆናቸውን አስተዋልን። ያ ሙከራ መዝገባችን ውስጥ አለ፣ ማስረጃ አድርጌ ግን ለማንም አላቀርበውም።

ቀለሙ በርግጥ የሠራልን በእናት ሽሪምፖች ክፍል ነው። የዚህ ወገን እንስሳ ዓይን የቆመበት ዘንግ የማየት አካል ተሸካሚ ብቻ ሳይሆን የሆርሞን ጓዳም ነው፤ ቅርፊት መጣልን የሚያዘገየውና የእንቁላልን መብሰል የሚገታው ሆርሞን የሚመነጨው ከዚያ ነው። ፈረንሳዊው ፓኑዝ እ.ኤ.አ. በ1943 ይህን ዘንግ መቁረጥ እንቁላልን እንደሚያፋጥን ካሳየ በኋላ፣ የሴቷን አንድ ዓይን ማጥፋት በመፈልፈያዎች የተለመደ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ብዙ ገዢ ይህን አይወድም፤ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ሽሪምፕን፣ ሸርጣንንና ሎብስተርን ስሜት ካላቸው እንስሳት ጋር ቆጥራቸዋለች። እኛ ዘንድም ዓይን አይቆረጥም፤ ዓይን ሳይነካ እንቁላል ለማግኘት ደግሞ ፈዘዝ ያለ ብርሃን፣ ጥቁር ግድግዳ፣ ጸጥታና ሥርዓት ያለው የቀንና የሌሊት ርዝመት ግድ ይላል። በብዙ መፈልፈያዎች እንደሚደረገው 14 ሰዓት ብርሃንና 10 ሰዓት ጨለማ እንሰጣቸዋለን፤ መብራቱን በሰማያዊ ቀለም ወደ ዝቅተኛው ድምቀት ስናወርደው ለሰው ዓይን መንገድ ለማየት ያህል ብቻ ይበቃል፣ እናቶቹም ከገንዳው መካከል ሳይደነብሩ ይዋኛሉ። ቀድሞ ይህን ለማግኘት አምፖሉ ላይ አረንጓዴ ፕላስቲክ እንጠቀልል ነበር፤ ፕላስቲኩም በየወሩ ይቀልጥ ነበር።

እዚሁ ክፍል ታይመሩ ሌላ ሥራ ይሠራል። ቫናሜይ የሚገናኘው በምሽት መግቢያ ላይ ሲሆን፣ ወንዱ ሴቷን ከሥሯ እየተከተለ ይዋኝና በሆዷ በኩል የዘር ከረጢት ይለጥፍባታል፤ ሴቷም ከሰዓታት በኋላ እንቁላሏን ትጥላለች። የውጩ ብርሃን በማይገባበት ክፍል ምሽቱን ወደፈለግንበት ሰዓት ማዛወር ስለሚቻል፣ ጀምበር መጥለቂያውን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አድርገነዋል። ስለዚህ የተገናኙትን መርጦ ወደ እንቁላል መጣያ ገንዳ ማዛወሩ ሠራተኛ ባለበት ሰዓት ይጠናቀቃል። ዓይን ሳይቆርጡ እንቁላል ማግኘት ለሚፈልግ አርቢ ይህ አንዱ ብቻ ዕቃውን ሊያስገዛው ይችላል።

በእጮቹ ክፍል መብራቱ የሚጠቅመው በተቃራኒው ነው፤ ፈዞ ሳይሆን ደምቆ። አዲስ የተፈለፈለ እጭ ወደ ብርሃን ይሳባል፣ ጤነኛው ደግሞ ፈጥኖ ይሳባል። የአየር መንፊያውን ዘግተን ክፍሉን አጨልመን ነጩን ብርሃን ከገንዳው አንድ ጥግ በላይ ስናበራ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ውኃው ላይ የተበተነ የበርበሬ ዱቄት የመሰለ ደመና ከታች እየተነሣ ወደዚያው ጥግ ይከማቻል። ደካማውና የሞተው ከታች ይቀራል። ከላይ ያለውን በለስላሳ መረብ ጨልፎ መውሰድ ነው። እጮቹ የሚመገቡትን አርቴሚያ የሚባል ደቃቅ የጨው ውኃ እንስሳ ስናስፈለፍልም እንዲሁ ነው፤ እንቁላሉ በ28 ዲግሪ ሙቀት 24 ሰዓት ያህል ሲቆይ 2,000 ሉክስ የሚደርስ ብርሃን ይፈልጋል፣ ከተፈለፈለ በኋላም ባዶው ቅርፊት ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ሕያዋኑ ብርሃን ወደበራበት ወደ ገንዳው ሥር ይወርዳሉ። መብራቱ ለሁለቱም ሥራ ይበቃል፤ ነገር ግን ብርሃኑ ሰፊ ሆኖ ስለሚረጭ ባንድ ጥግ ላይ ለማከማቸት ከጥቁር ካርቶን ጆሮ ሠርተንለታል። አምራቹ ይህን ቢያስብበት ኖሮ የሁለት ሪያል ፕላስቲክ ነበር።

ይህን መብራት ሊገዛ የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ የገንዳውን ቀለም ሊመለከት ይገባል። የሽሪምፕ ቆዳ ሥር ቀለም የያዙ ሕዋሳት አሉ፤ እንስሳው በጥቁር ነገር ላይ ሲሆን በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ያለው ቀለም ይበተንና አካሉ ይጠቁራል፣ በነጭ ላይ ሲሆን ደግሞ ቀለሙ ወደ አንድ ነጥብ ይሰበሰብና ይገረጣል። ይህን የሚያዝዘውም ያው የዓይን ዘንግ ነው፤ ቀይ ቀለምን የሚሰበስበውን ሆርሞን ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ለይተው 8 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው መሆኑን አሳይተዋል። የሽሪምፑ ቀይ ቀለም አስታዛንቲን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን እንስሳው ራሱ ስለማይሠራው ከመኖ ያገኘዋል፤ በሕይወት ሳለ ከፕሮቲን ጋር ተያይዞ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ይመስላል፣ ሲቀቀል ፕሮቲኑ ይፈርስና ቀዩ ይወጣል። አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች በጥቁር ነብር ሽሪምፕ ላይ እንዳሳዩት፣ ከመሰብሰባቸው በፊት ለአጭር ጊዜ በጥቁር ዕቃ ውስጥ ማቆየት እንኳ ሲቀቀሉ የሚያሳዩትን ቅላት ያሻሽላል።

እኛ ነጭና ሰማያዊ የፋይበር ግላስ ገንዳዎች ስለነበሩን ልዩነቱን በዓይናችን አይተነዋል። በነጩ ገንዳ ያደጉት ውኃ የነካው ሳሙና ይመስላሉ፤ ገዢውም ትሪውን ገልበጥ አድርጎ አይቶ «እነዚህ ታመዋል?» ብሎ ጠይቋል። ቀለም ብቻ አይደለም፤ ነጭ ግድግዳ ብርሃኑን ስለሚመልሰው እጮቹ ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ፣ መኖአቸውንም ከጀርባው ለይተው ለማየት ይቸገራሉ። የጭቃ ሸርጣን እጮች በጥቁር ገንዳ ይበልጥ በሕይወት እንደሚቆዩም የታወቀ ነው። ስለዚህ አራቱን ነጭ ገንዳዎች ጥቁር ሸራ አለበስናቸው። ወጪው ከሁለት መብራት ዋጋ አይበልጥም ነበር፤ ለውጡ ግን በመብራቱ ቀለም ካየነው ሁሉ ይበልጣል።

በማሳደጊያው ክፍል ውኃው በባክቴሪያ ክምችት ቡና የመሰለ ስለሆነ ከላይ የሚበራው ቀለም ከአንድ ክንድ በታች ትርጉም የለውም። ነጩን ስናደምቀው ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ውኃው እያደር ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፣ አልጌው ቀን ኦክስጅን ይሰጥና ሌሊት መልሶ ይሻማል። እዚያ ክፍል ቀስ ብሎ መንጋቱን ብቻ ይዘን ድምቀቱን ከ20 በመቶ በታች አድርገነዋል። ከገንዳው ግማሽ በላይም መብራት አናደርግም። እ.ኤ.አ. በ2014 በፈረንሳይ ቦርዶ የተደረገ ጥናት በኤሌክትሪክ የተረበሹ፣ ክሬይፊሽ የሚባሉ ሎብስተር መሰል የወንዝ እንስሳት በመስቀል ቅርጽ በተሠራ መተላለፊያ ውስጥ ብርሃን ያለበትን እየሸሹ በጨለማው እንደሚቆዩ፣ ለሰው የጭንቀት መድኃኒት የሆነው ሲሰጣቸው ግን ወደ ብርሃኑ እንደሚወጡ አሳይቷል። ከብርሃን መሸሽ የጭንቀት ምልክት ከሆነ፣ የሚሸሹበት ጥግ መተው ተገቢ ነው።

ጉድለቱን በተመለከተ፣ ማሸጊያው ላይ አይፒ67 ተብሎ ተጽፏል፤ ይህም አቧራ የማያስገባ፣ በ1 ሜትር ውኃ ውስጥም ለ30 ደቂቃ የሚቆይ ማለት ነው። ስለ ጨው ተን ግን ምንም አይናገርም። ከ12ቱ ሦስቱ በአምስተኛው ወር ጠፉ። አንዱን የከፈቱልን ኢትዮጵያዊው የኤሌክትሪክ ባለሙያችን ገመዱ የሚገባበትን ሲልኮን በጥፍራቸው ሲነኩት ተላቀቀ፤ ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ነበር። «ጋሼ፣ ሳንከፍተው ብንመልሰው ይሻል ነበር፣ ዋስትናው ይፈርሳል» አልኳቸው። «ባንከፍተው ኖሮ የቀሩት ዘጠኙ ለምን እንደሚሞቱ በምን ታውቅ ነበር፣ ልጄ?» አሉኝ። እንዳልኩትም ሻጩ ከዘጠኝ ቀን ዝምታ በኋላ ሁለቱን ሲተካ የተከፈተውን አልቀበልም አለ፤ እንዳሉትም ጋሼ የቀሩትን በባሕር ላይ በሚሠራ ሲልኮን ዳግመኛ ደፍነዋቸው እስካሁን አንዱም አልጠፋም።

ከዚህ የሚከፋው የታይመሩ ጠባይ ነው። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ያስያዝነውን ሰዓት ረስቶ ሁሉንም ቀለም በሙሉ ድምቀት ያበራል። ጄኔሬተር በተሞከረበት አንድ ሌሊት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ክፍሉ እንደ ቀትር ቦግ አለ፤ ማለዳ መጥረጊያውን ከተሰቀለበት ማውረድ ነበረብን። አሁን ታይመሮቹን ብቻ ከትንሽ ባትሪ ጋር አገናኝተናቸዋል። ሽሪምፕ ድንገተኛ ብርሃን እንዳያገኘው ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ራሱ ድንገተኛ ብርሃን ሲሆን ይቅር ለማለት ያስቸግራል።

ቀይ ብርሃን አለመኖሩም ያሳዝናል። ሌሊት የመኖ ትሪ ለማየት ሽሪምፑ እምብዛም የማያየው ቀለም ያስፈልጋል፤ እኛ በግንባር ባትሪ ላይ ቀይ የስጦታ ወረቀት በጎማ አስረን እንገባለን።

ሻጩ በቅርቡ ቀይ የተጨመረበትና ሰዓቱን የማይረሳ አዲስ ዓይነት በ260 ሪያል አምጥቷል። ለእናቶቹ ክፍል ሁለት አዝዘናል። ለማሳደጊያው ግን ከአሮጌው ተጨማሪ አንገዛም፤ በዚያው ገንዘብ የቀሩትን ሁለት ሰማያዊ ገንዳዎች ጥቁር ሸራ እናለብሳቸዋለን።